ለኳስ የተላከው ገንዘብ

  በዚህ ዓምድ ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ትዳር ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። «ቄሱን ምን ነካቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩን ስትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጠበሉን ጠጥቶ ሲበተን አንዲት እኅታችን ከበሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ካራንቲና ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ናት። መስቀል ተሳለመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባ፣ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ስንት ነው ልጄ?» ብላት «1200 ዶላር» አለች። በቤተሰብ ውስጥ የታመመ ወይም የታሰረ ሰው አለ ብዬ ደነገጥሁ። «የለም አባ፣ ደስታ ነው። ልጄ ለቱርክ ክለብ ተመርጧል» አለች።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ደሴ ከአያቱ ጋር ይኖራል። እናቱ ወደዚህ ሀገር ስትመጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አሁን አንድ ሰው «የተጫዋቾች ወኪል ነኝ» ብሎ ልጁን ከሠፈር ሜዳ ላይ አየሁት ይላል፤ ስልክ ቁጥሯን ከአያቲቱ ተቀብሎ ደወለላት። ለፓስፖርት፣ ለሙከራ መመዝገቢያ፣ ለሆቴል በጠቅላላው 1500 ዶላር ጠየቃት። 300ውን ልካለች። ወር ሙሉ ጎንበስ ቀና ብላ የምታገኘው 200 ዶላር ነው፤ ስለዚህ የቀረው የስድስት ወር ላብ መሆኑ ነው። ሰውየው በየቀኑ እየደወለ «ቦታው ሊያመልጥሽ ነው፣ እንዲህ ያለ አጥቂ አይቼ አላውቅም» ይላታል።

እኔ ደግሞ ስለ ኳስ የማውቀው ነገር ጥቂት ነው። በልጅነቴ ዜማ ቤት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር የጨርቅ ኳስ ስንራገጥ የኔታ ደረሱብንና ያን ሳምንት እንጨት ለቀማው ሁሉ የእኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካሁም። ስለዚህ «ውሸት ነው» ለማለት አልደፈርሁም። አሥር ዓመት ሙሉ ልጇን በስልክ ብቻ ያሳደገች እናት ተስፋዋን ይዛ ስትመጣ ያለ ዕውቀት ማፍረስም ኃጢአት ነው። «እስከሚመጣው እሑድ አንዲት ሳንቲም እንዳትልኪ» አልኋትና በዚያ ሳምንት ሀገር ቤት ታዳጊዎችን ለብዙ ዓመት ያሠለጠነ አንድ የሥጋ ዘመዴን ደጋግሜ ደወልሁለት፤ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የፊፋን ደንብም የሚያነብልኝ ሰው ፈለግሁ። የተማርሁትን እነሆ ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ሀገር ቤት ወንድ ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም የሌላት ከእናንተ መካከል ስንት ናት?

በሀገራችን ከተሞች ልጆች በብዛት ኳስን የሚማሩት «ፕሮጀክት» በሚባለው ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ አሠልጣኝ በዕድሜ የተቀራረቡ ልጆችን ይሰበስባል፤ ከ13 ዓመት በታች፣ ከ15 በታች፣ ከ17 በታች እየተባለ ይከፈላል። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ከትምህርት በኋላ ወይም ማልደው ይለማመዳሉ። የወረዳው ወይም የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አቅሙ ሲፈቅድ ኳስና ማልያ ይሰጣል፤ ለአሠልጣኙም ትንሽ አበል ይቆርጥለታል። አቅሙ ባልፈቀደ ጊዜ ወላጆች ያዋጣሉ፣ ወይም አሠልጣኙ ከኪሱ ያወጣል። ዘመዴ እንደ ነገረኝ ብዙ ጊዜ የሜዳው ምልክት ድንጋይ ነው፤ አንድ ታኬታ ደግሞ ለሁለት ወንድማማች በፈረቃ ይደርሳል።

ከዚህ በላይ የከተማው ክለብ አለ። ባሕር ዳር ከነማ፣ ሀዋሳ ከነማ፣ ፋሲል ከነማ ሲባል ትሰማላችሁ፤ ከተማውና ነዋሪው አቁመው የሚያኖሯቸው ክለቦች ናቸው፣ በጀታቸውም በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር የሚወጣ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ እዚህ ቤይሩት ያሉ የጎንደር ልጆች በስልክ እልል ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ክለብ ከዋናው ቡድን በታች የታዳጊና የወጣት ቡድን ይይዛል። በሠፈር ፕሮጀክት ጎልቶ የታየ ልጅ በውድድር ላይ ይታያል፣ ይጠራል፣ ከሌሎች ጋር ይፈተናል፣ ከተመረጠም ወደ ታዳጊው ቡድን ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፤ እዚያ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ማደሪያውን፣ ምግቡንና ትምህርቱን መንግሥት ይችልለታል።

ይህን ስሰማ የራሴን ትምህርት ቤት አስታወሰኝ። ልጅ ከፊደል ሳይወጣ ዳዊት አይደግምም፤ ዳዊት ሳይደግም ድጓ አይሸከምም። ኳሱም እንዲሁ ነው። ትንንሾቹ የሚጫወቱበት ኳስ ራሱ ያነሰ ነው፤ ለሕፃናቱ ቁጥር 3፣ እስከ 12 ዓመት ገደማ ላሉት ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ላሉት ነው የአዋቂዎቹ ቁጥር 5። ሜዳውም ያጥራል፤ በአንድ ወገን አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ እየሆኑ ተጫውተው ነው በመጨረሻ አሥራ አንድ የሚሆኑት። ምክንያቱንም ጠይቄ ነበር። ሃያ ሁለት ሕፃናት በትልቅ ሜዳ ላይ ቢለቀቁ ኳሷን የሚያገኟት ሁለት ሦስቱ ጉልበታሞች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሲሮጡ ውለው ሳይነኳት ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በጠባብ ሜዳ ግን ሁሉም ይነካታል። የኔታም ብዙ ተማሪ ሲኖራቸው ለሁለት ለሦስት ከፍለው በዘመቻ ተማሪ የሚያስቀጽሉን ለዚሁ ኖሯል!

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። በሀብታሞቹ ሀገሮች የከተማ ክለቦች ከወላጅ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ይህ እውነት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው በየወቅቱ መመዝገቢያ ይከፍላሉ። ያ ገንዘብ ለሜዳ ኪራይ፣ ለዳኛ፣ ለማልያና ለመድን የሚውል ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ኮሚቴ ይቆጣጠረዋል፣ ልጁም በማግሥቱ እዚያው ሠፈሩ ሜዳ ላይ ሲጫወት ይታያል። ብዙ ጊዜ የትንንሾቹ አሠልጣኝ ከወላጆቹ አንዱ ነው፣ ደሞዝም አይቀበልም። ለመክፈል አቅም ላነሰው ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ። ይህ አንድ ነገር ነው። «ልጅሽን ባሕር ማዶ ላሻግርልሽ» ብሎ ከእናት ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው፤ በኳሱ ዓለም ሕግ ገንዘቡ የሚፈስሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ነውና። አንድ ወጣት የመጀመሪያውን የሙያ ውል ሲፈርምና ከሀገር ወደ ሀገር ሲዛወር፣ የሚወስደው ክለብ ነው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ የሚከፍለው። በኋላም በትልቅ ገንዘብ ሲሸጥ ከዋጋው ከመቶ አምስት እጁ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። እንግዲህ ክለብ ልጅን ከወደደ ይከፍልበታል እንጂ እናቱን አያስከፍልም። ልጁ በሀገሩ ክለብ በስሙ መመዝገቡ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የት የት እንደ ተማረ የሚመሰክርለት መዝገቡ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሀገር ወደ ሀገር ተዛውሮ ለክለብ መመዝገብ አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ ሀገር ኑሯቸውን ካዛወሩ፣ ወይም ልጁ ከድንበር አጠገብ የሚኖር ከሆነ፣ ወይም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ ከሆነ። ከደሴ ወደ ቱርክ ብቻውን የሚሄድ የ14 ዓመት ልጅ ከእነዚህ በየትኛውም አይገባም። ሕጉ ለድኃ ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ታላቁ ባርሴሎና ራሱ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የውጭ ልጆችን አላግባብ መዝግበሃል ተብሎ ተቀጥቷል፤ በሁለት የዝውውር ወቅት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ታግዷል። «ሙከራ ብቻ ነው» ይሉ ይሆናል። ሙከራውን ቢያልፍስ? መመዝገብ የማይችል ልጅ ምን ይሆናል? መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወረቀት ሳይኖረው በሰው ሀገር መንገድ ላይ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን እዚህ ዳውራ ላይ በዓይናችሁ አይታችኋል።

ወኪልም ቢሆን ፈቃድ አለው። ፊፋ ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጣቸው ወኪሎች ስማቸው ተመዝግቦ ለሁሉ ይታያል። እንዲህ ያለው ፈቃድ ያለው ወኪል እንኳ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ማነጋገር የሚችለው፣ ልጁ በሚቀጠርበት ሀገር ሕግ የመጀመሪያውን የሙያ ውል ሊፈርም ከሚችልበት ዕድሜ ስድስት ወር ሲቀረው ነው፤ ያውም አሳዳጊው በጽሑፍ ፈቅዶ። በስልክ «ቦታው ሊያመልጥሽ ነው» ማለት በየትኛውም ደንብ ውስጥ የለም።

ስለ ዕድሜ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በራሴ የደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ለወንድሟ የክርስትና ምስክር ወረቀት እንድጽፍላት ለመነችኝ። ልጁን ያጠመቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ጊዜውንም አልረሳሁትም። እሷ ግን ሦስት ዓመት ቀንሼ እንድጽፍ ነው የፈለገችው። «ከ17 በታች ለመጫወት ነው አባ፣ ማንን ይጎዳል?» አለች። አልጻፍሁላትም፤ ተቀየመችኝ፣ ለረጅም ጊዜም ሳታነጋግረኝ ቆየች። ማንን እንደሚጎዳ ያን ጊዜ በደንብ አላስረዳኋትም፤ አሁን ላስረዳ። ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ከ17 በታች ሲሰለፍ ቦታውን የሚያጣው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነው። እሱም የሌላ እናት ልጅ ነው፤ ምናልባት እናቱ እንደ እናንተው በሰው ቤት ናት። ደግሞም ውሸቱ ሩቅ አይሄድም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መሣሪያ እያስነሣ አጥንታቸውን ያያል። አጥንት ደግሞ የቄስ ደብዳቤ አይሰማም። በሀገራችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የልደት ምዝገባ በወሳኝ ኩነት በኩል እየተሠራ ነው፤ ልጆቻችሁ ካልተመዘገቡ አያቶቻቸው ወደ ቀበሌ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ እውነተኛውን ቀን ያስመዝግቡ። ለኳስም ለትምህርትም ለፓስፖርትም የሚጠይቁት እሱን ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገድ ልውጣ፤ አንባቢዎቼ ይህን ልማዴን ታውቁታላችሁ። እኅታችን የምትሠራበት ካራንቲና ስሙን ያገኘው በባሕር የሚመጡ መንገደኞች በሽታ እንዳያስገቡ ለይተው ያቆዩባቸው ከነበረበት ሥፍራ ነው። የ1915ቱን እልቂት ያመለጡ አርመኖች ወደ ቤይሩት ሲመጡም መጀመሪያ ድንኳን የተከሉት በዚያው አካባቢ ነበር፤ በኋላ ነው ወንዙን ተሻግረው ቡርጅ ሐሙድን የሠሩት። አርመኖች በሃይማኖት እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ናቸው። ስደተኞች ሆነው ያደረጉትን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 በቁስጥንጥንያ ሆመኔትመን የሚባል የስፖርትና የስካውት ማኅበር አቋቁመው ነበር፣ ያንን ይዘው ወደየሄዱበት ሀገር ሁሉ ዘረጉት። እዚህ ቤይሩትም እስከ ዛሬ አለ። መሪ ቃሉ «ራስህ ከፍ በል፣ ሌላውንም ከፍ አድርግ» የሚል ሐሳብ ያለው ነው። በልጆቻቸው ላይ ኳስ ብቻ አይደለም ያስተማሩት፤ ቋንቋቸውንና እርስ በርስ መተዋወቅን ጭምር ነው። እኛም ዘንድ ይህ አልጠፋም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽንን አቋቁመው ይኸው በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጀመሪያ ገደማ በኳስ ምክንያት ይገናኛሉ፤ ተጋብተው የወለዱም አሉ ይባላል።

ሌላም አለ። ካራንቲና ውስጥ አል ኸድር የሚባል መስጊድ አለ፤ ጥንት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሰማዕቱ ዘንዶውን የገደለው በዚሁ በቤይሩት ነው ይባላልና። በሥዕሉ ላይ ዛፍ ላይ ሆና የምታዩዋትን ልጅ አባቶቻችን ብሩታዊት ይሏታል፤ የቤይሩቷ ማለታቸው ነው። ስማቸውን ከዚህ ሰማዕት የወሰዱት የአራዳ ልጆች ደግሞ ጣልያን ሀገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ አቋቋሙ። የጥንቶቹ ተጋጣሚዎቻቸው የአዲስ አበባ አርመኖች ያቋቋሙት አራራትና የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ ነበሩ። ከዚያ ክለብ ነው ይድነቃቸው ተሰማ የወጡት፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያሠለጠኑት፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት። ሠፈር ውስጥ የተጀመረ የልጆች ጨዋታ ነበር።

የሴት ልጆች እናቶችም «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት። ከዚያ አካባቢ ስንት እኅቶቻችን በዐረብ ሀገር እንዳሉ ታውቃላችሁ። እሷ በሀገር ውስጥ ክለቦች ተጫውታ፣ ጎል አግቢነቷ ከታወቀ በኋላ፣ አድጋ ነው ወደ ስዊድንና ወደ ማልታ የሄደችው። መንገዱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሠፈር፣ ቀጥሎ የከተማ፣ ቀጥሎ የሀገር፣ ከዚያ በኋላ ነው ባሕር የሚሻገረው።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ እኅታችን መጣች። ይህን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ሰውየውን ምን ብላ እንደምትጠይቀው አብረን አሰብን። የክለቡን ስም በጽሑፍ እንዲልክላት፣ የፈቃድ ቁጥሩን እንዲነግራት፣ ልጁ በየትኛው አንቀጽ እንደሚመዘገብ እንዲያስረዳት። ስትወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና «ለመሆኑ ልጅሽ የሚጫወተው የት ላይ ነው?» አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። «አጥቂ ነው ብሎኛል ሰውየው» አለች። «ልጅሽስ ምን ይላል?» አልኋት። «ጠይቄው አላውቅም አባ። ስደውል የምጠይቀው በልተሃል ወይ፣ ተምረሃል ወይ፣ ገንዘቡ ደርሷል ወይ ነው» አለችኝ።

ሰውየው ጥያቄዎቹን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣት፤ «ለልጅሽ ዕድል ጠላት ነሽ» አላት። ማታውን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ስልኩን መመለስ አቆመ። የሄደው 300 ዶላር አልተመለሰም፤ የሚመለስም አይመስለኝም። አያቲቱ ግን በነጋታው ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የልጁን አሠልጣኝ አገኙት። «እንዲህ ያለ ወኪል አናውቅም» አላቸው። ልጁ ጎበዝ እንደሆነ፣ ከልምምድ እንደማይቀር፣ በሂሳብ ግን ደካማ ስለሆነ አስጠኚ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። ደግሞም አጥቂ አይደለም። በረኛ ነው።

ለበረኛ ጓንት ያስፈልገዋል። የእሱ ተቀዶ በፕላስተር እየጠገነ ነው የሚጫወተው። ይህን እናቱ የሰማችው ከራሱ ከልጁ ነው፤ በዚያ ምሽት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ኳስ ብቻ ሲያወሩ አመሹ። የትኛው ኳስ ለበረኛ እንደሚከብድ፣ ከማዕዘን ስትመጣ የት መቆም እንዳለበት፣ ባለፈው ጨዋታ ሁለት ገብተውበት ተደብቆ እንዳለቀሰ ሁሉ ነገራት። በዕረፍት ቀኗ ጓንት ፍለጋ ወደ ቡርጅ ሐሙድ ሄደች። ሻጩ ቁጥሩን ሲጠይቃት አላወቀችውም። ወደ ልጁ ደወለችና እጁን በማስመሪያ ለክቶ እንዲነግራት አደረገች።

ወደ ሀገር የምትገባ እኅት ይዛለት እንድትሄድ ጓንቱን ቤተ ክርስቲያን ድረስ አምጥታው ነበር። ከፌስታሉ አወጣችና በራሷ እጅ ላይ አጠለቀችው። ጣቶቿ ጫፉ ድረስ አልደረሱም። «አባ፣ ይመልከቱ» አለችኝ፤ «ከእኔ እጅ በልጧል።»